የፈጠራ ጉልበትዎን ማን እየበላው ነው?

በብዙ ቤቶች ውስጥ ተጀምሮ የቀረ ነገር አለ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ግማሽ ሥዕል፣ በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠ ያላለቀ ጥልፍ፣ ለጌጥ ተሰቅሎ አቧራ የለበሰ ክራር፣ ሦስት ገጽ ተጽፎበት የተዘጋ ደብተር። ባለቤቶቹን ብንጠይቅ የአብዛኞቹ መልስ «ጊዜ አጣሁ» የሚል ነው። እርስዎም ይህን ሳይሉ አልቀሩም።

እስቲ ትናንት ማታን ያስታውሱ። እራት ተበልቶ ተነሥቷል፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ሰዓቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። እስኪተኙ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ነበረዎት። የት ገባ? ምናልባት ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ስልክዎን ሲያገላብጡ፣ ወይም ከመሃሉ የደረሱበትን ተከታታይ ድራማ ሲያዩ አለቀ። ለምን ደብተሬን አላነሣሁም ብለው ራስዎን አይውቀሱ። ሰዓቱ ነበረ፤ ጉልበቱ ግን ከሰዓቱ ቀድሞ አልቋል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሙሉ የነበረው ጀሪካን ማታ ሲያዘነብሉት ጠብታ የለውም። እንግዲህ ጀሪካኑ ቀን ላይ የት የት እንደሚያፈስ ማየት ይበጃል።

«ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ስለ ሥዕልና ስለ ጥልፍ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። አልስማማም። በብዙ ቤት የደመወዙን ጉድለት የሚሞላው ይኸው እጅ ነው። ቅዳሜና እሁድ ለልደት ኬክ የምትሠራ፣ ለሰርግ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት የምትነድፍ፣ ማታ ማታ ለደንበኞቹ አርማና ፖስተር የሚያዘጋጅ ሰው ገቢው የሚመጣው ከፈጠራው ነው። ገቢ ባይኖረውስ? ተሰጥኦ ባንክ እንደገባ ገንዘብ ወለድ እየወለደ አይጠብቅም። አሥር ዓመት ያልሳለ እጅ ይደነድናል፣ አሥር ዓመት ያላንጎራጎረ ጉሮሮ ይዘጋል። «ልጆቹ ሲያድጉ» ተብሎ የተቀጠረ ነገር፣ ልጆቹ ሲያድጉ ባለበት ይገኛል ብሎ ዋስ የሚሆን የለም።

ሐሳብ ወደ ኋላ ሲቀር

ሶፊ ሌሮይ የተባለች የሥራ አመራር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት አንድ ቀላል ነገር አሳየች። ሰው አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ሲዘል አእምሮው ሙሉ ለሙሉ አብሮት አይሻገርም። ከፊሉ ትኩረት ቀድሞ በተተወው ሥራ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ አዲሱ ሥራም በዚያው ልክ ይዳከማል። እርሷ ይህን የትኩረት ቅሪት ትለዋለች። ወጥ የተሠራበት ድስት በውሃ ብቻ ሲለቀለቅ ወዙ እንደማይለቅ ማለት ነው።

አሁን የእርስዎን አንድ ጠዋት በዚህ ዓይን ይዩት። ቢሮ ደርሰው ሪፖርት ይጀምራሉ። የልጅዎ ክፍል የቴሌግራም ግሩፕ ይጮሃል፤ ለነገ ባለቀለም ወረቀትና ሙጫ ተፈልጓል። መልስ ሳይሰጡ ከቤት ይደወላል፤ ጋዝ አልቋል። ጋዝ የሚያመጣው ልጅ ጋ ሲደውሉ አያነሣም። ወደ ሪፖርቱ ሲመለሱ አለቃዎ ሌላ ነገር በአስቸኳይ ይፈልጋል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ከባድ አይደለም። ሁሉም ግን ወዛቸውን ትተው ይሄዳሉ፤ ማታ ላይ ያ ሁሉ ተደራርቦ «ደከመኝ» ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የዋለ ሰው ድንጋይ ሲሸከም እንደዋለ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

መድኃኒቱ ስልክ መስበር አይደለም። ጥቃቅኑን ነገር አንድ ላይ ሰብስቦ መጨረስ ነው። የቤት ጥሪዎችን፣ የግሩፕ መልእክቶችን፣ የክፍያ ጉዳዮችን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ ምሳ ሰዓት ላይና ከሥራ መውጫ ላይ ብቻ ያስተናግዷቸው። የተቀረውን ጊዜ ግሩፖቹን ድምፃቸውን ያጥፉ። ባለቀለም ወረቀቱ በሁለት ሰዓት መዘግየት የሚደርስበት ጉዳት የለም።

ስለ ስልክ ካነሣን አይቀር፣ በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡትን ጥናት ልጥቀስልዎት። ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎችን ስልካቸውን ድምፅ እንዲያጠፉ ካደረጉ በኋላ ከፊሎቹ ጠረጴዛ ላይ፣ ከፊሎቹ በኪስ ወይም በቦርሳ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሌላ ክፍል ውስጥ እንዲያስቀምጡት አደረጉና ትኩረት የሚጠይቅ ፈተና ሰጧቸው። ስልካቸው ሌላ ክፍል የነበረው ሰዎች የተሻለ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት እንዳላገኙ መታወቅ አለበት። ቢሆንም ስልክን ለሃያ ደቂቃ ኩሽና ውስጥ ትቶ መምጣት ምንም አያስከፍልም። ሞክረው በራስዎ ይፍረዱ።

ሌላው ቀዳዳ ውሳኔ ነው፤ በተለይ ያቺ በየቀኑ የምትመጣው «ዛሬ ምን ይሠራ?»። በብዙ ቤት ይህ ጥያቄ የሚወድቀው በእናት ላይ ነው። ጥያቄው ወጡን ከመሥራት በላይ ያደክማል፤ ምክንያቱም ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን፣ ማን ምን እንደማይበላ፣ ሽንኩርት መኖሩንና የሳምንቱን ወጪ አንድ ላይ ማሰብ ይጠይቃል። የሚጾሙ ቤተሰቦች እዚህ ላይ ሳያውቁት አንድ ጥቅም አላቸው። ረቡዕና ዓርብ ግማሹ ውሳኔ ተወስኖ ያድራል፤ ሽሮ ነው ወይስ ምስር ነው ማለት ብቻ ይቀራል። ይህንኑ ወደ ሌሎቹ ቀናት ያስፉት። እሁድ ማታ የሳምንቱን እራት በአንድ ወረቀት ጽፈው ፍሪጁ ላይ ይለጥፉ። ማክሰኞ ፓስታ ከሆነ ዘወትር ማክሰኞ ፓስታ ይሁን። ልጆች ከምናስበው በላይ ይህን ይወዱታል። የጠዋት ልብስንም፣ የምሳ ዕቃንም በዚሁ መንገድ ማታ ማለቅ ያለበት ማታ ይለቅ።

ጎህ ሳይቀድ

አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1993 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከማግኘቷ በፊት ለረጅም ዓመታት የአንድ ትልቅ አሳታሚ ድርጅት አርታኢ ነበረች። ከባለቤቷ ተለያይታ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ብቻዋን ታሳድግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመውን የመጀመሪያ ልብ ወለዷን የጻፈችው በዚያ ኑሮ ውስጥ ሆና ነው። ማለዳ መነሣት የጀመረችው ግድ ሆኖባት እንደነበር፣ ልጆቹ ነቅተው «እማ» ብለው ከመጣራታቸው በፊት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት ያለውን ጊዜ ለመጠቀም እንደሆነ በኋላ ተናግራለች። ቡናዋን አፍልታ ብርሃኑ ሲመጣ እያየች ትጠጣና ትጀምራለች። ልጆቹ ካደጉ በኋላም ልማዱን አልተወችውም፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አእምሮዋ ያን ያህል እንደማይሠራ ደርሳበታለችና።

ከእርሷ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ የኖረው እንግሊዛዊ ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ ደግሞ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከንጋቱ 11፡30 ላይ ጠረጴዛው ጋ ይደርሳል፤ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፋል፤ ከቁርስ በፊት የቀኑን ድርሻ ጨርሶ ወደ ሥራው ይሄዳል። በዚህ ዓይነት 47 ልብ ወለዶች ጽፏል። ሰዓት ከፊት አስቀምጦ ቃል መቁጠሩ ለእኔ ጨካኝ ነው፤ አልመክርዎትም። ይልቅ ደስ የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። ትሮሎፕ በየጠዋቱ ቡና ይዞ መጥቶ የሚቀሰቅሰው አንድ አዛውንት አሽከር ነበረው፤ ለዚህች አገልግሎት ብቻ በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ ይከፍለው ነበር። ለስኬቴ ከማንም በላይ ባለ ዕዳው ነኝ ብሎ በግለ ታሪኩ ያመሰገነው ይህንን ሰው ነው። ትልቁን ሥራ የያዘችው ትንሿ ወጪ ነበረች።

የእኛም ሰዎች ከዚህ የራቁ አልነበሩም። ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሐዲስ ዓለማየሁ ዕድሜያቸውን በዲፕሎማትነትና በከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊነት ያሳለፉ ሰው ነበሩ። በዓሉ ግርማም ከአድማስ ባሻገርን ጨምሮ ልብ ወለዶቹን የጻፈው የጋዜጠኝነትና የመንግሥት ሥራውን ሳይተው ነው። ሥራውን ሁሉ ለቆ ተራራ ላይ ቤት ተከራይቶ መጻፍ የሚባለው ነገር ፊልም ላይ ያምራል።

ለሁሉም ሰው ግን ጠዋት ይስማማል ማለት አይደለም። የሚጠባ ሕፃን ያላት እናት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥተሽ ሳዪ ብትባል ልትስቅ ወይም ልታለቅስ ትችላለች። አንዳንዱም ተፈጥሮው ማታ ነው የሚነቃው። ለአንድ ሳምንት ያህል ራስዎን ይታዘቡ፤ በየትኛው ሰዓት ነው ሐሳብ ሳይጠሩት የሚመጣልዎት? ያንን ሰዓት ካወቁ በኋላ ከእርሱ ላይ ሃያ ደቂቃ ይስረቁ። ከእንቅልፍዎ ላይ ግን አይሁን። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው እንቅልፍ ቢያንስ ሰባት ሰዓት ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ለመነሣት ከፈለጉ ከምሽቱ አራት ሰዓት መተኛት ይኖርብዎታል፤ ያ የማይሆን ከሆነ ማለዳው ይቅርብዎት።

እንቅልፍን ካነሣን ደግሞ ቡናችንን ማለፍ አይቻልም። ካፌይን ከጠጡት በኋላ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ እንደ ሰው ይለያያል። ስለዚህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የጠጡት አቦል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ አሁንም በደምዎ ውስጥ ነው። «እኔ ቡና እንቅልፌን አይነሣኝም» የሚሉ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ ግን ስስ ይሆንባቸዋል። ቡናው ይቅር የሚል ደፋር እዚህ ገጽ ላይ አያገኙም። የሥራ ቀን ማታ ከሆነ አቦሉን ለእንግዳ ትተው በረካውን ይጠጡ፤ ያው ቡና ለሦስተኛ ጊዜ ውሃ ተጨምሮበት የሚፈላ ስለሆነ ቀጭን ነው። ትልቁን ስኒ፣ ፈንዲሻውንና ዕጣኑን ቅዳሜና እሁድ ከምሳ በኋላ ያድርጉት።

እርሾ ማስቀረት

እንጀራ የሚጋግር ቤት አንድ ነገር ያውቃል። ሊጡ ተጋግሮ አያልቅም፤ ለሚቀጥለው የሚሆን እርሾ ይቀመጣል። እርሾ የሌለው ቤት ከጎረቤት ይለምናል፣ ወይም ሊጡ እስኪቦካ ቀኑን ይጨምራል።

በፈጠራ ሥራ ላይ የብዙ ሰው ችግር እዚህ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ጉልበት ሲያገኝ እስኪደክመው ይሠራል፣ የሚያውቀውን ሁሉ ያወጣል፣ ድስቱን ጠርጎ ያጥባል። በሚቀጥለው ቀን ሲመጣ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም፤ ስለዚህ አይጀምርም። ኧርነስት ሄሚንግዌይ ይህን ለማምለጥ ይጠቀምበት የነበረው ዘዴ የታወቀ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን እያወቀ፣ ገና ጉልበት እያለው ያቆማል። በማግሥቱ የሚጀምረው ከሚያውቀው ቦታ ነው። እርሾ አስቀርቷል ማለት ነው።

እርስዎም ሲያቆሙ የሚቀጥለውን እርምጃ በአንድ መስመር ይጻፉ። «ነገ የአንገቱን ቀኝ ጎን በአረንጓዴ ክር» ወይም «እናትየዋ ደብዳቤውን ትከፍታለች» የሚል። መርፌው ላይ ክሩን አስገብተው ይተዉት። ቀለሙን ከመዝጋትዎ በፊት ለነገ የሚሆነውን ይምረጡ። ይህ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። በማግሥቱ ግን «ከየት ልጀምር?» በሚል የሚባክነውን ሩብ ሰዓት ያተርፍልዎታል፤ ጠቅላላ ያለዎት ሃያ ደቂቃ ከሆነ ደግሞ ሩብ ሰዓት ማለት ሁሉም ነገር ነው።

ቦታውም እንደዚሁ ነው። ማያ አንጀሉ በምትኖርበት ከተማ የሆቴል ክፍል ተከራይታ፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሳይቀር አስወርዳ፣ ጠዋት ጠዋት እየሄደች ትጽፍ ነበር። በአዲስ አበባ የሆቴል ዋጋ ይህን ማሰብ አይገባም። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራት ሆነው ለሚኖሩትም «የራስዎን ክፍል ያዘጋጁ» ማለት ቀልድ ነው። አንድ ጥግ ግን ይገኛል። በረንዳ ላይ ያለች ወንበር፣ የአልጋው ራስጌ፣ የምግብ ጠረጴዛው አንዱ ጫፍ። ዋናው ነገር ዕቃው ከሳጥን ወጥቶ፣ ተሰብስቦ፣ ተመልሶ የሚገባ እንዳይሆን ነው። የልብስ ስፌት መኪናዋ ከአልጋ ሥር ከሆነች፣ እርሷን ማውጣት ራሱ ሥራ ስለሚሆን አይወጣም። ጥግ ላይ ቆማ በጨርቅ ብትሸፈን ጨርቁን መግለጥ ብቻ ይበቃል። እንግዳ ሲመጣ ቤቱ ትንሽ የተዝረከረከ ይመስል ይሆናል። ይምሰል።

በነገራችን ላይ ውድ ዕቃ መግዛት ከሚከፍሉ ትንንሽ ለውጦች ውስጥ አይደለም። አዲስ ካሜራ፣ ከውጭ የመጣ ቀለም፣ የቆዳ ሽፋን ያለው ደብተር ሲገዛ ሥራው የተጀመረ ይመስላል፤ ደስታው በሳምንት ያልፋል። ደብተሩ ውድ ሲሆን ደግሞ ማበላሸት ያስፈራል። የትምህርት ቤት ደብተር ይሻላል፤ ገጹን ቢቀዱት አይቆጭም።

የእግር መንገድ

እ.ኤ.አ. በ2014 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ማሪሊ ኦፔዞና ዳንኤል ሽዋርትዝ ሰዎችን ተቀምጠውና እየተራመዱ ለተራ ዕቃዎች አዲስ አገልግሎት እንዲያስቡ አደረጉ። እየተራመዱ ያሰቡት በአማካይ 60 በመቶ ያህል የበለጠ የፈጠራ ሐሳብ አመጡ። የሚገርመው፣ ባዶ ግድግዳ ፊት ለፊት በመሮጫ ማሽን ላይ የተራመዱትም ጥቅሙን አግኝተዋል፤ ስለዚህ የሚያምር መናፈሻ ግድ አይደለም። ከተቀመጡም በኋላ ውጤቱ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ላለው ጥያቄ ግን መራመዱ አልጠቀመም፤ ሒሳብ ለመሥራት ይቀመጡ።

ለታክሲ ተሳፋሪ ይህ ቀላል ነው፤ አንድ ፌርማታ ቀድመው ይውረዱ። መኪና ያላቸው ደግሞ ራቅ አድርገው ያቁሙ። የጆሮ ማዳመጫውን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት። ዜናና ሙዚቃ እየሰሙ ከተራመዱ ሐሳቡ የሚገባበት በር የለም።

እምቢ ማለት በማይለመድበት አገር

የውጭ አገር መጻሕፍት «አይሆንም ማለትን ይማሩ» ይላሉ። እዚህ ግን አይሆንም የሚባለው ለማን ነው? ለልቅሶ አይባልም፣ ለዕድር አይባልም፣ ክፍለ ሀገር ሆና ሐኪም ለማየት ለመጣች አክስት አይባልም። መባልም የለበትም። እነዚህ የምንኖርባቸው ምሰሶዎች ናቸው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚደርሱልን ደብተራችንና ሸራችን አይደሉም።

ቢሆንም ሁሉም ጥሪ ልቅሶ አይደለም። በሦስተኛ ሰው በኩል የተጠሩበት የልጅ ልደት፣ «እንዲሁ እንገናኝ» ተብሎ ከሰዓቱን ሁሉ የሚበላ ቀጠሮ፣ አርባ ደቂቃ የሚፈጅ የስልክ ሐሜት ሊቀር ወይም ሊያጥር ይችላል። ምክንያት መደርደር አያስፈልግም፤ «ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አለብኝ፣ ከሰዓት ብቅ እላለሁ» ማለት በቂ ነው። የሚስሉ ወይም የሚጽፉ መሆንዎን ለማስረዳት ከሞከሩ ክርክር ይከፈታል። «ሥራ» የሚለውን ቃል ግን ማንም አይከራከረውም።

የሚበልጠው ድርድር ቤት ውስጥ ያለው ነው። ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ያለች ሰዓት ለባልና ለሚስት እኩል አይደለችም። እርሱ ሲቀመጥ እርሷ የነገውን ዩኒፎርም ታያለች፣ ምሳ ዕቃ ታጥባለች፣ የትንሹን ልጅ ትኩሳት ትለካለች። ስለዚህ ባለቤትዎ «እኔም አንድ ነገር መሥራት እፈልግ ነበር» ስትል «ማን ከለከለሽ?» ብሎ መመለስ መልስ አይሆንም። የሚሆነው ነገር በቀን መቁጠሪያ ላይ የሚጻፍ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ናቸው፤ እሁድ ከሰዓት ደግሞ ተራው የእርሱ ነው። በዚያ ሰዓት «ጨው የት ነው ያለው?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ይፈለጋል።

አንድ ነገር ላክል። የቤት ሠራተኛ ያለችበት ቤት ከሆነ፣ የእርስዎ ሃያ ደቂቃ ከእርሷ እንቅልፍ ላይ የሚቆረጥ መሆን የለበትም። እርሷም የማታ ትምህርት፣ የፀጉር ሥራ ልምምድ፣ ወይም የሷ ብቻ የሆነ ደብተር ይኖራት ይሆናል። የቤቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ የእርሷም ሰዓት ይጻፍ።

ሥራዎን ገና ሳይበስል ከማውራትም ይጠበቁ። ፒተር ጎልዊትዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ «እንዲህ ልሆን ነው» የሚለው ዕቅዳቸው በሌላ ሰው የታወቀላቸው ተማሪዎች ካልታወቀላቸው ያነሰ ሲሠሩ ታይተዋል። መነገሩ ራሱ የመሥራትን ያህል ያጠግባል። «መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው» ብለው ከተናገሩ በኋላ ደግሞ በየሰርጉ «ያ መጽሐፍ የት ደረሰ?» የሚል ይገጥምዎታል። ግማሽ ሥዕል ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ስንት ሰው እንደወደደው በየአምስት ደቂቃው መቁጠርም ያው ነው። ለአንድ የሚያምኑት ሰው ያሳዩ፤ የቀረው ሲያልቅ ይድረስ።

ሃያ ደቂቃ ስንት ናት?

በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሃያ ደቂቃ በዓመት 5,200 ደቂቃ ይሆናል። 86 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ማለት ነው፤ ወደ 11 የሚጠጉ ሙሉ የሥራ ቀናት። አሥራ አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ልሣል ቢሉ ማንም አይሰጥዎትም። በእነዚያ ሃያ ደቂቃዎች 120 ቃል ብቻ ቢጽፉ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከ31,000 ቃላት በላይ ይኖርዎታል፤ አጭር ልብ ወለድ ይወጣዋል። ጥሩ ላይሆን ይችላል። ማረም የሚቻለው ግን የተጻፈውን ብቻ ነው።

ልማድ እስኪሆን ምን ያህል ይፈጃል? በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። አንድ አዲስ ነገር ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወስዷል፤ ሰውና ልማዱ እየተለያዩ ከ18 እስከ 254 ቀን ድረስ ይዘልቃል። ሁዳዴን የጾመ ሰው ይህንን ቁጥር ያውቀዋል፤ 55 ቀን ነውና። በመጀመሪያው ሳምንት የሚከብደው፣ በአምስተኛው ሳምንት የማይታሰብ ይሆናል። ከዚያ ጥናት ውስጥ ይበልጥ የሚያጽናናው ግን ሌላ ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ከጾም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ማክሰኞ ልጅ ታሞ ካመለጠዎት ረቡዕ ይቀጥሉ፤ ዕዳው አይደመርም፣ አርባ ደቂቃ መሥራት የለብዎትም።

ልጆቹ በዚህ ሁሉ መሃል የት ናቸው? እዚያው አጠገብዎ። እናቱ ወይም አባቱ ስልካቸውን ኩሽና ትተው ሲሠሩ የሚያይ ልጅ፣ መጀመሪያ ሦስት አራት ጊዜ ያቋርጣል፣ ከዚያ ከጎን መጥቶ ወረቀት ይጠይቃል። ይስጡት፤ የእርስዎን ሥራ ግን አይተዉ። የዘመኑ ልጆች ከትምህርት ቤት ወደ አስጠኚ፣ ከአስጠኚ ወደ ቴሌቪዥን የሚሄዱ በመሆናቸው መሰልቸት የሚባለውን አያውቁትም። «ደበረኝ» ሲል ስልክ ከመስጠትዎ በፊት ሩብ ሰዓት ይታገሡ። አንድ ካርቶን ውስጥ የተረፈ ጨርቅ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ክር፣ አሮጌ መጽሔትና መቀስ አድርገው ይተዉለት። ይህችን መጽሔትም ቢሆን አንብበው ከጨረሱ በኋላ ቢቆርጣት ቅር አይለንም።

የሚቀረው መብራት ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ስልኩ ኩሽና ገብቶ፣ ክሩ መርፌው ላይ ሆኖ መብራት ይጠፋል፤ እንደሚጠፋ ያውቁታል። ለዚያ ምሽት ብርሃን ብዙ የማይፈልግ ሥራ ለይተው ያስቀምጡ። ዜማውን በቃል ማንጎራጎር፣ የጥለቱን ንድፍ በእርሳስ መሞከር፣ የገጸ ባሕርያቱን ስም መምረጥ። አንድ ሻማና ክብሪትም ከመሳቢያው አውጥተው ጥግዎ ላይ ያኑሩ፤ በጨለማ ፍለጋ ከገቡ ስልኩን ማብራትዎ አይቀርም።